የዘጠኝ ወር ቀጠሮ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ፍሪጅ እጠብቃለሁ፣
ጠዋትና ማታ ሙቀቱን አንብቤ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።
ከሁለት እስከ ስምንት ከሆነ ሰላም ነው፤
ከስምንት ሲያልፍ ግን ክትባትም እንደ ሰው
ይታመማል።

ብልቃጡ ላይ አለች ትንሽ አራት ማዕዘን፣
ነጭ ሆና መጥታ፣ ሙቀት ሲነካካት የምትለብስ ሐዘን፤
ከከበባት ክብ ጋር እኩል የጠቆረች ’ለት
ትጣላለች በቃ፣ የላትም መድኃኒትነት።

ጥቅምት ነበር። ጦሳ አናት ላይ ጉም ይሁን ጭስ ተኛ፤
መብራቱ ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አኮረፈ፣ ናፍጣው ሸሽቶ ከኛ።
የቀረኝን በረዶ በሳጥን ደርድሬ፣
ሳጥኑን በጋቢ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልዬ አስሬ
ሦስት ሌሊት ጠበቅሁ።
በአራተኛው ቀን ደሴ ተነሥታ ወረደች በሐረጎ፤
ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ እጁን ብቻ ይዞ የሚሄድም አለ።
እኔም ወረድኩ።
የፍሪጁ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤
ምን ልቆልፍበት እንደያዝኩት እንጃ።

ስመለስ፣ ፍሪጁ የለም።
በቆመበት ግድግዳ ላይ ፍሪጅ የሚያክል ንጹሕ ነጭ ቀለም፤
ሌላው ሁሉ ጠቁሯል።
የጥቅምትና የኅዳሩ ወረቀቴ ግን በሚስማሩ እንደተሰቀለ፣
ጥቅምት ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ መስመር ብቻ አዝሎ አለ።

ሰው የሞተውን ቆጠረ፤ የተሰበረ በር፣ የተዘረፈ አልጋ ቆጠረ፤
ያልተወጋ ክንድ ግን ማን ቆጠረ?

ኩፍኝ ኬላ አያውቅም፤ መታወቂያ አይጠየቅም።
ተፈናቃይ ባደረበት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል አርባ ነፍስ፣
ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ የክፍልፋይ ሂሳብ፣
አንዱ ልጅ ሳለ፣ ያንዱ ዓይን ቀላ፣
ሽፍታው ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ ወረደ ወደ ገላ፤
እናቶች መስኮቱን ጋረዱ በነጠላ።
ባልቴቶቹም አሉ የቆየ አባባል፣
«ኩፍኝ ያልወጣለት ልጅ መች ልጅ ይባላል?»

ጦይባ መጣች፣ ሙአዝን አዝላ።
ነሐሴ ላይ ከመርሳ ስትሸሽ፣ ላሟን ጥላ፣ ቤቷን ጥላ፣
ካርዱን ግን አልጣለችም።
በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ያኖረችውን ፈትታ ሰጠችኝ፤
የፔንታው ቀን አለ፣ የፖሊዮው አለ፣
ከሥር አንድ ባዶ ሳጥን፤ በእርሳስ «ኅዳር ፲፪፣ ዘጠኝ ወር ሲሞላው» የሚል፣
የራሴ እጅ ጽሕፈት።

«መጥቼ ነበርኮ» አለች። «አንድ ታጣቂ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል፤
‹ምን ፈለግሽ?› አለኝ። ካርዱን ሰጠሁት። አገላብጦ አየና
‹ቀኑስ ልክ ነው› አለኝ፣ መለሰልኝ።
ዘግይቼ ነው እንዴ?»

ሙአዝ ጀርባዋ ላይ እንደ ደነዘ መጋዝ ይተነፍሳል።
«አብሽሪ» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ባጃጅ ላይ አውጥቼ ወደ ቦሩ ሜዳ ስሸኛት ነው
ልናገር የሚገባኝ አፌን የሞላው፦
ዘጠኝ ወር በሆድሽ፣ ዘጠኝ ወር በጀርባሽ፣
አንቺ ቀን አልሳትሽም፤ ቀኑ ነው የሳተሽ።

ተርፏል። ግን አንድ ዓይኑ ላይ የጦሳ ጉም ወርዶ
ተኝቷል፤ ፀሐይ አይገፈውም።

አሁን ሌላ ፍሪጅ አለ፣ በፀሐይ የሚሠራ። ዛሬ ጠዋት አራት ዲግሪ።
ከዞን የመጣው ተቆጣጣሪ የድሮውን ወረቀት አየና
«ይሄ ባዶ አይቅር፤ ለሪፖርት የሆነ ነገር ሙላበት» አለኝ።
እርሳሴን ቀርጬ፣ ኅዳር ፲፪ ትይዩ፣
በሙቀቱ ቦታ
«ጦይባ መጥታ ነበር» ብዬ ሞላሁበት።